ለእኛ ሽርሽር፣ ለእነርሱ መንገድ

ወሎ ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ውሃ ማለት የቧንቧ ውሃ ነው። በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣ ዕለት በርሜሉና ጀሪካኑ ይሞላል፤ ከዚያ ደግሞ እስኪመጣ ይጠበቃል። ከዚህ ሌላ የምናውቀው ጎርፍ ቢኖር ጠዋትና ማታ ከጎተራ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ጎተራ የሚፈሰው የመኪና ጎርፍ ነው። እኔም እዚህ ሰፈር ልጆቼን አሳድጌ፣ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጀልባ የሚባል ነገር በቤቴ ተነስቶ አያውቅም። እንዲነሳም አልፈልግም ነበር። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ነገሩን ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት። የምትኖረው እንግሊዝ አገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ለገናና ለጥምቀት መጥታ እኔ ጋ አረፈች። አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ በስልኳ ፎቶ ታሳየን ጀመር። ዳርት የሚባል ወንዝ ከባሕር ጋር የሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ግራና ቀኙ ደን የለበሰ ኮረብታ፣ መሐሉ ዝርግ ውሃ። ዳርትማውዝ ከምትባል ከተማ ጀልባ ተሳፍረው ወደ ላይ እስከ ቶትነስ ይሄዳሉ። የባሕሩ ውሃ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ካልሆነ ግን እስከዚያ መድረስ አይቻልም፤ ሰዓቱ የሚወሰነው በውሃው ነው። ሌላ ደግሞ ሰውንም መኪናንም ጭና ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ስታመላልስ የምትውል ጀልባ አለች። በፎቶው ላይ አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?" አልኳት።

"አላውቃቸውም። ገበያ ውለው የሚመለሱ ይመስለኛል። ለእኛ ሽርሽር ነው፣ ለእሳቸው ታክሲ ነው" አለችኝና ቀጥላ፣ "አክስቴ፣ እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጎረቤቴ ከእኔ ቀድመው "ጣና እያለ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ" ብለው ሳቁባት። ሁሉም ሳቀ። እኔ ሲኒ አነሳሁ። ማታ ስንተኛ ግን "እሺ፣ እወስድሻለሁ" አልኳት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከቦሌ ተነሳን። ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና የዓባይን በረሃ አቋርጦ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናልና ጉልበቴ አልፈቀደልኝም። በማግሥቱ ማለዳ ከአንድ ሰዓት በፊት ወደቡ ላይ ነበርን። ማለዳ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ዝም ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ፀባዩ ይለወጣል። ይህን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚዘነጋው እንግዳው ነው።

ጀልባችንን የሚነዳው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወጣት ነበር። ከአባቱ የወረሰው ሥራ ነው። ዋጋ ከተስማማን በኋላ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲሰጠን ጠየቅኩት።

"እናቴ፣ ዛሬ ውሃው ሰላም ነው፤ ጃኬቱ ይሞቅዎታል" አለኝ።

"ልጄ፣ ሰላም የሆነ ውሃ ነው እያሳሳቀ የሚወስደው" አልኩትና ሁለታችንም ለበስን። እሱም አፍሮ ነው መሰል ለበሰ።

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከሦስት ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መሐሉ ላይ ሆነው ሲያዩት አንዱ ዳር አይታይም። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ ጠለቀ በሚባልበት ቦታ እንኳ አሥራ አምስት ሜትር ቢሆን ነው። ሠላሳ ሰባት ደሴቶች አሉት ይባላል፤ ብዙዎቹ ላይ ገዳም አለ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ ከባሕር ዳር አጠገብ ደግሞ ዓባይ ይወጣበታል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በሰውና በተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል።

ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ የደንገል ታንኳዎች አለፉን። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል እንደ ሸምበቆ ያለ ተክል ነው። ቆርጠው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠሩበታል። በዚህ ሙያ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳው ከውሃው ከፍ አይልም፤ ቀዛፊው ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አንዱ ቀዛፊ የማገዶ እንጨት ከራሱ በላይ ቆልሎ ጭኗል። የእህቴ ልጅ "ሲያምር!" ብላ ፎቶ አነሳችው። እሱ ግን ቀና ብሎም አላየን። እንጨቱን ገበያ ሳያልፍበት ለማድረስ ነው የሚቀዝፈው።

የመጀመሪያው ቀን መንገዳችን ዘጌ ነበር። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ሲሆን ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ወርደን በእግር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። መንገዱ ጥላ ነው፤ ላዩ ትላልቅ ዛፍ፣ ሥሩ ቡና፣ መሐል መሐሉን ሎሚና ጌሾ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። የአገሬው ሰው ይህን የሚያያይዘው ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር ነው፤ ሳታርሱና ከብት ሳታረቡ ከዛፍ ፍሬ ትኖራላችሁ ተብለዋል ይላሉ። ደኑ እስካሁን የቆየው በዚህ እምነት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች አይተን ስንጨርስ አንዲት ሴት ደጃቸው ላይ ቡና አፈሉልን። እንግሊዝ ያለችው ልጃችን ሦስተኛውን ሲኒ አስደገመች።

ስንመለስ በክብራን ገብርኤል አጠገብ አለፍን። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሴቶች ክፍት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች። ባለጀልባው ሳቀና "ነገ ናርጋ ሥላሴ እወስድሻለሁ፤ እሱን ያሠራችው ሴት ናት" አላት።

ማታ በሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን "አክስቴ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለሻል፤ ደከመሽ?" አለችኝ። ያኔ ነው የነገርኳት።

በ1977 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብኩት ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ከተሞች በአንዷ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይገባም። ከባሕር ዳር ተነስታ ዳርቻውን እየነካች ጎርጎራ የምትደርሰው የሕዝብ ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን ታልፋለች። ደብዳቤያችን፣ መድኃኒታችን፣ ስኳራችን በእሷ ነው የሚመጣው። የጡሩምባዋ ድምፅ ሲሰማ ከተማው በሙሉ ወደ ዳር ይወርዳል።

በ1978 ክረምት አንዲት እናት በቃሬዛ አመጡልኝ። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ሕፃኑ በእጁ መጥቷል። እንዲህ ያለ ምጥ ያለ ኦፕራሲዮን አይፈታም። ጀልባዋ ያለፈችው በዋዜማው ነበር። ሞተር ያለው ጀልባ እንዲላክልን መልእክተኛ በእግር ሄደ። እኔ ግሉኮስ ሰቅዬ፣ እጇን ይዤ፣ ከዋርካ ሥር ውሃውን እያየሁ ጠበቅኩ። ውሃው ያን ዕለት በጣም ያምር ነበር። ጀልባው ሲደርስ ቀብር ላይ ነበርን።

"ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲያምር ደስ አይለኝም" አልኳት። የእህቴ ልጅ አልመለሰችልኝም። ጋቢዬን ሳብ አድርጋ ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

በማግሥቱ ወደ ደቅ ደሴት ሄድን። ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ወሰደብን። ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ እቴጌይቱ ራሷ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። አገር የገዛች ሴት በራሷ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ያሣለችው ተደፍታ መሆኑ ገረመኝ። የእህቴ ልጅ እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆመች።

ዕቅዳችን ምሳችንን በልተን ቀስ ብለን መመለስ፣ ከዚያም ፀሐይ ስትጠልቅ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሆነን ጉማሬ ማየት ነበር። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ጀምራ የምታወራው ስለዚህ ጉማሬ ነው።

ወደ ጀልባው ስንወርድ ሦስት ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘን። አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋለች፤ ባሏና እናቷ አብረዋት አሉ። ባለጀልባውን ለብቻው ጠርተው ካነጋገሩት በኋላ ወደ እኔ መጣ።

"እናቴ፣ ሕፃኑ ታሟል። ጤና ጣቢያው ወደ ባሕር ዳር ጽፎላቸዋል። የሕዝብ ጀልባ እስኪመጣ እስከ ነገ መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። እኔ እጭናቸዋለሁ እንዳልል ጀልባውን የተከራያችሁት እናንተ ናችሁ፤ የእናንተ ፈቃድ ነው።"

ነጠላውን ገለጥ አደረግኩት። የሰባት ወር ወንድ ልጅ ነው። ትኩሳት አለው፤ ዓይኑን ይገልጣል፣ ግን አያተኩርም። ሰዓቴን ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ ስልሳ ስምንት። በዚህ ዕድሜ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የደረቱ ታችኛው ክፍል ደግሞ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ ከባድ የሳንባ ምች ነው፤ ማደር የለበትም። የጻፈላቸው ባለሙያ ልክ ነበር።

"አሁኑኑ እንነሳ" አልኩ።

አያቲቱ ልብሴን ይዘው "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ ዋጋውን ልጁ ሠርቶ ይከፍላል" አሉ። የእህቴ ልጅ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

ስንነሳ ነፋሱ ጀምሮ ነበር። ጠዋት መስታወት የነበረው ውሃ አሁን ጀልባውን ያነሳል፣ ያፈርጣል። ውሃው ወደ ውስጥ ሲረጭ የእህቴ ልጅ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከእናትየዋ ፊት ተቀመጠች። እናትየዋን ሕፃኑን ቀጥ አድርጋ ደረቷ ላይ እንድትይዘው፣ ካልተቸገረ ጡት እንድትሰጠው ነገርኳት። በየአሥራ አምስት ደቂቃው እየቆጠርኩ ለራሴ ያዝኩት። ባለጀልባው ምንም አልተናገረም፤ ማዕበሉን በሰያፍ እየቆረጠ ነዳ። ያን ሦስት ሰዓት ጃኬቱ ሞቀኝ ያለ ሰው አልነበረም። ከመጡት ሦስቱ ጃኬት ለሴቶቹ ብቻ ነበር የበቃው፤ ባልየው ያለ ጃኬት ተቀምጦ የሚስቱን እግር ይዞ ነበር።

መሐል ላይ ስንደርስ ዙሪያዬን አየሁ። ደሴቶቹ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ ይብራዎች በሰልፍ ያልፋሉ። ውሃው ያምር ነበር። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት የጠበቅኩት ጀልባ ይኸው አሁን መጣ ብዬ አሰብኩ። ዘግይቷል፤ ግን የዘገየው ለዚያች እናት እንጂ ለዚህ ልጅ አይደለም። አለቀስኩ እንዳልል ፊታችን ሁሉ ውሃ ነበር።

ወደቡ ላይ ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል አደረስናቸው። ኦክስጅን ሲሰጠው አይቼ ወጣሁ። በአምስተኛው ቀን ባለጀልባው አዲስ አበባ ደወለልኝ፤ "ሲስተር፣ ልጁ ወጥቷል። ዛሬ ወደ ደቅ መለስኳቸው" አለኝ። "እናቴ" ማለቱን ትቶ "ሲስተር" አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

"ስንት ከፈሉህ?" አልኩት።

"እንዴት እከፈላለሁ! ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ነበረኝ፤ አብረው ገቡ።"

ይህ ቃል ነው እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው። የደሴት ሰው ከሕዝብ ጀልባ ሌላ የሚጠጋው የእንግዳ ጀልባ ነው። ጉብኝት በደመቀበት ጊዜ በየቀኑ አንድ ሁለት ጀልባ ወደ ደቅ ይሄዳል፤ በመልሱ ነፍሰ ጡሯም፣ ተማሪውም፣ ጌሾ ሻጯም "አድርሱን" ይላሉ። እንግዳ ሲጠፋ ያ ጀልባ ወደብ ላይ ታስሮ ይውላል። እኛ ከሄድን በኋላ በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ ግጭት ተነሳና እንግዳ ቀረ። ባለጀልባው አሁንም አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። "እንዴት ነው?" ስለው "ነዳጁ ነው እንጂ ውሃውማ አለ" ይለኛል። ዘመዶቻችን እዚያ ላሉ ሰላም መቼ ይወርዳል የምንለው ብዙ ነገር አስበን ነው፤ እኔ ይህንንም ጨምሬ አስባለሁ። በ2017 ዓ.ም. "ጣናነሽ ሁለት" የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ በቴሌቪዥን ሳይ፣ የእኔ ቤት ሰዎች ስለ ግዝፈቷ ሲያወሩ እኔ ስንት ቃሬዛ እንደምትይዝ ነበር የማስበው።

ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈትላችሁ ሂዱ። እንደ አንድ ጡረተኛ ነርስ ጥቂት ልምከራችሁ፦

ማለዳ ተነሱ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ለልጅና ለአዛውንት አይመችም። ዋጋ ስትነጋገሩ ስለ ጃኬትም ተነጋገሩ፤ በተሳፋሪው ቁጥር ልክ መኖሩን ሳታዩ አትግቡ፤ ለመንገደኛ የሚሆን ትርፍ ቢኖር ደግሞ ይመረጣል። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን ሩቅ ዳር ላይ አድርጉ። ባርኔጣ ያዙ፤ ፀሐዩ ከላይም ከውሃውም ነው የሚመጣው። በዳርቻው ውሃ ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ፣ ልጆችም እንዳይዋኙ። የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ዳር ዳሩን ይጠብቃል፤ ቆዳ ሳይቆስል ነው የሚገባው። የገባ ሰው ቢኖር ከሳምንታት በኋላ ምርመራ ያድርግ፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ይሁን።

የመጨረሻው ምክሬ የጤና አይደለም። ከደሴት ስትመለሱ ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ ባለጀልባው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ እናንተ ጠይቁት።

የእህቴ ልጅ እንግሊዝ ከተመለሰች በኋላ ዳርት ወንዝ ላይ ሆና ደወለችልኝ። ከአጠገቧ ያሉትን ባለ ዘንቢል አሮጊት ሰላም እንዳለቻቸው፣ ለካ ሆስፒታል ቀጠሮ ኖሯቸው እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያም እንደ ልማዷ "አክስቴ፣ ጉማሬውን ግን አላየሁም" አለችኝ።

አላየችም። ያ ዕዳዬ ነው። አገር ሰላም ሲሆን እከፍላታለሁ።